የኮክ ቀለም ሹራብ

የቀለበት ፈርጥ መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ዓመቴ ነው። በሥራ ሰዓት ከነጭ ሸሚዝ ሌላ ለብሼ አላውቅም፤ ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ያስለመዱኝ ነው፣ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ታላቅ እህቴ የኮክ ቀለም ሹራብ ሠርታ አመጣችልኝ። እትዬ አንዴ ካኮረፈች ለወር ስልክ አታነሳም፤ ሸሚዜ ላይ ደርቤ ለበስኩት።

ያን ቀን ድንጋዮቼ አማረባቸው። ወረንጦዬ ያነሳው ሁሉ ሮዝና ብርቱካናማ የተቀላቀለበት፣ ልክ የበሰለ ኮክ። «እንዲህ ያለ ዕቃ ገብቶልኝ አያውቅም» እያልኩ ጉራዬን ስነዛ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ከሁሉ የሚያምረውን ይዘው በር ላይ ወጡ። አገላብጠው አዩት። ተመልሰው አጠገቤ አዩት። እንደገና ወጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ድንጋይ በር ላይ ነጭ ነው» አሉ። «አንተ ዘንድ ሲመጣ ነው የሚቀላው።»

ጎንበስ ብዬ ደረቴን አየሁ። ለካ ነጩን ድንጋይ ሁሉ ያቀላው ሹራቡ ነው። ኩም አልኩ። ይቅርታ ጠይቄ፣ ሹራቡን አውልቄ ወንበር ላይ ጣልኩና እውነተኛውን የኮክ ቀለም ፈርጥ ፈልጌ አቀረብኩላቸው። በር ላይም ቢወጣ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም።

እሳቸው ግን ዓይናቸው ወንበሩ ላይ ነበር።

«ፈርጡ ይቆየኝ» አሉ። «ይሄን ሹራብ ማን ሠራው?»

ይኸው እትዬ ሱቄ ውስጥ ወንበር ይዛ ሦስት ትዕዛዝ ትሠራለች። እኔ ክሯ ቀለሙን እንዳያጋባብኝ ድንጋዮቼን ይዤ በር ላይ ተቀምጫለሁ።