ከመርዶው በፊት የተለካ ጫማ

መቱ ወሬ አያድርባትም የሚሉ ሰዎች መቱን አያውቋትም። እርግጥ ነው፣ ማን ከማን ጋር ሻይ እንደጠጣ፣ የማን ላም የማን ጓሮ እንደገባች ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማው ሁሉ ይሰማል። የሰው ሞት ሲሆን ግን ያው ወሬኛ ከተማ አፉን እንደ ጆንያ ይሰፋል። የእትዬ ኸዲጃ ልጅ ነዚፍ ሰሜን ጦር ግንባር መሞቱን ገበያው ያውቅ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ያውቅ ነበር፤ የቀበሌው ዘበኛ ሳይቀር ያውቅ ነበር። የማያውቁት እናቱ ብቻ ነበሩ።

ይህን ክፋት የሚለው ካለ ወግ አያውቅም። መርዶ እኛ ዘንድ እንደ ድንጋይ አይወረወርም፤ ቀን ይመረጥለታል። ዘመድ ከኖፓም ከጎሬም ይጠራል፤ ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ይሰበሰባሉ፤ የሚይዝና የሚደግፍ ሰው ደጅ ላይ ሲሞላ ያን ጊዜ ይነገራል። እስከዚያ ድረስ ጎረቤት ፊቱን ታጥቦ፣ ጥርሱን አሳይቶ መኖር አለበት።

ወሬውን ያመጣው ጅራታ የሚባል የነዚፍ ጓደኛ ነው። በአንደኛው ዙር ብሔራዊ ውትድርና አብረው ሄደው ጅራታ አንድ እግሩን እዚያው ጥሎ በክራንች ተመለሰ። ለእናትየው መንገር አልሆንልህ ብሎት ለእድሩ ዳኛ ነገረ፤ ዳኛው ደግሞ ለአባትየው ለጋሼ ኑረዲን። ረመዳን ገብቶ ስለነበር ሽማግሌዎቹ፣ ሴትዮዋ የደም ግፊት አለባት፣ ጾሙ ይለፍ፣ ዒዱንም በሰላም ትዋል ብለው ቆረጡ። ጋሼ ኑረዲንም እሺ አሉ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሱቃቸውን ከፍተው፣ ከሚስታቸው ጎን ቆመው አቡጀዲ ይለካሉ። አንድ አባት ይህን እንዴት እንደሚችለው ፈጣሪ ይወቅ።

ተጂቱም ከሚያውቁት አንዷ ነበረች። የዳሪሙ ገጠር ልጅ ናት፤ መቱ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች፤ ከትምህርቱ ይልቅ ግን በሩጫው ነበር የምትታወቀው። ያን ሰሞን ለክፍለ ሀገሩ ተመርጣ አዲስ አበባ ልትወዳደር ነበር። የስፖርት አስተማሪዋ መምህር በዳሳ የመጣውን ትጥቅ ሲያድሉ ለእሷ የደረሳት የወንድ ሸራ ጫማ ሆነ፤ ሌላ እግር ቢጨመርበት የማይሞላ። አፍንጫው ውስጥ ጨርቅ ወትፋ ሮጠችበት፤ ተረከዟ ተላጠ። ቱታውም ናይለን ነው፤ ላብ ሲነካው ቆዳ ላይ ተጣብቆ ብብት የሚልጥ። የቀበሌው ወጣት ማኅበር ሊቀ መንበር ቁስሏን አይቶ፣ አብዮታዊ ወጣት በጫማ አያሳብብም አላት። እሱ ራሱ ያደረገው ጫማ ፊት የሚያሳይ ቆዳ ነበር።

እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜ መቱ ውስጥ ለሯጭ የሚሆን ጫማ የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የነዚፍ። ነዚፍም ሯጭ ነበር። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ተወዳድሮ ሲመለስ አንድ የጀርመን አሰልጣኝ የሰጠው ጫማ ይዞ መጣ፤ ነጭ፣ ቀላል፣ ተረከዙ እንደ ዳቦ የሚለሰልስ። እግሩ ትንሽ ስለነበር ጓደኞቹ የሴት እግር እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ተጂቱም ሜዳው ዳር ተቀምጣ የእግሯን መዳፍ ከእሱ የእግር መዳፍ ጋር ገጥማ ለክታ እኩል ሆኖ ስታገኘው፣ እንግዲያው ጫማው ለሁለታችን ነው ብላ ስቃለች። ሲዘምት ለእናቱ አደራ ብሎ አስቀመጠው፤ እናቱም በሻሽ ጠቅልለው ከሱቁ መደርደሪያ አናት ላይ ሰቀሉት።

ተጂቱ ያን ጫማ ያልለመነችበት ውድድር የለም። እትዬ ኸዲጃ ሁልጊዜ ይስቁና ባለቤቱ ይመጣል፣ የሰው ጫማ አይለመንም ይሏታል። ታኮርፋለች። ረመዳን ሊገባ ሲል እንኳ ለምና፣ ተከልክላ፣ አኩርፋ ሄዳ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣ ሸራ ጫማ በቁጥሯ ልትፈልግ ወደ ጋሼ ኑረዲን ሱቅ ሄደች። ሌላ ጫማ የሚሸጥ ሱቅ ቢኖር ኖሮ እግሯን ወደዚያ ባላነሳች ነበር። አክስቷ ከበር ላይ ይዛ፣ ፊትሽን አስተካክለሽ ግቢ፣ እዚያ ካለቀስሽ የገደልሻት አንቺ ነሽ ብላታለች።

ጋሼ ኑረዲን መስጊድ ሄደዋል። እትዬ ኸዲጃ ብቻቸውን ነበሩ። ተረከዟን እንዳዩ ከንፈራቸውን መጠጡና ወዲያው ሥራ ጀመሩ። ከጥጥ የተሠራ ካናቴራ መረጡላት፤ ናይለኑን ለሰልፍ አድርጊው፣ ስትሮጪ ግን ከቆዳሽ ጋር ጥጥ ይዋል አሏት። ቁምጣውን በላስቲክ አጠበቡላት። ከዚያ የቻይና ሸራዎችን አንድ በአንድ እያወረዱ አስለኳት። ጫማ ቆመው እንጂ ተቀምጠው አይለኩም፤ ማታ እግር ያብጣል፣ ጠዋት ልክ የነበረ ማታ ጠላት ይሆናል እያሉ፣ ከአውራ ጣቷ ፊት ባዶ ቦታ መኖሩን በጣታቸው እየተጫኑ ይፈትሻሉ። አንዱ ሶሉ እንደ ጣውላ አልታጠፍ አለ፤ ሌላው ቁስሏ ላይ አረፈ። ተጂቱ ቶሎ መውጣት ብቻ ነበር የፈለገችው፤ ይሄኛው ተመችቶኛል አለች።

እትዬ ኸዲጃ ውሸታም አሏትና በርጩማ ላይ ወጡ። በሻሽ የተጠቀለለውን ይዘው ወረዱ።

«ኮቱ፣ ኢንታላ ኮ» አሉ፤ ነይ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ጾም ሰውን ያለሰልሳል። ላንቺ እግር እኔ ልሰስት? አዲስ አበባ ከሰሜን የመጣ ወታደር አይጠፋም። ጫማውን የሚያውቅ ካገኘሽ፣ የነዚፍ እናት ስለ ልጇ ጠየቀችህ በይልኝ።»

ተጂቱ በሩን አየች። እምቢ የሚያሰኝ ምክንያት ስታጣ እግሯን አስገባች። ልክ ነበር። ቁስሏን አልነካውም፤ ጣቶቿ ተዘረጉ፤ ሶሉ ከእግሯ ጋር ታጠፈ። ለቅጽበት ደስ አላት፤ በዚያ ደስታዋ ደግሞ እንደ ሌባ አፈረች። የሞተ ሰው ጫማ ነው፤ እናቱ ደግሞ ፊቷ ተንበርክከው ማሰሪያውን ያቃናሉ።

«ጠበበኝ» አለች።

እትዬ ኸዲጃ የጫማውን አፍንጫ ተጫኑ። ጣታቸው እዚያው ቆመ።

«አይጠብሽም።»

«ይቅርብኝ፣ እትዬ። ሸራው ይሻለኛል።» ማሰሪያውን ሳትፈታ ጎትታ አወለቀችውና ሻሹ ላይ በሁለት እጇ አስቀመጠችው።

እትዬ ኸዲጃ ከተንበረከኩበት አልተነሱም። የተላጠውን ተረከዝ አዩ፤ ጫማውን አዩ፤ የልጅቷን ፊት አዩ።

«ስንት ጊዜ ለምነሽኝ የለም እንዴ» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ያህል ይዘረዝሩ ጀመር። ረመዳን ከገባ ወዲህ ከእሳቸው ጋር የሚከራከር ገበያተኛ ጠፍቶ ነበር፤ ያሉትን ዋጋ ከፍሎ ይሄዳል። ድሮ ሰላም የማይሏቸው ሴቶች እየገቡ እጃቸውን ይስማሉ። ለማፍጠሪያ ሾርባ የማይላክበት ቀን የለም። ጅራታ በዚያ በክራንቹ፣ በዚያ ጭቃ፣ እሳቸውን ሲያይ መንገድ ተሻግሮ ይሄዳል። በእግሩ አፍሮ ነው ብለው አዝነውለት ነበር። አሁን ሁሉም በአንዴ መጣባቸው።

«መቼ ሊነግሩኝ ነው ያሰቡት? ከዒድ በኋላ?»

ተጂቱ አንገቷን ደፋች። አክስቷ ያስጠነቀቀቻት እንባ ማንንም ሳይጠይቅ ወረደ።

«የነዚፍ አባትም ያውቃል?»

ተጂቱ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። እትዬ ኸዲጃ የአቡጀዲ ጥቅል ላይ ተቀመጡ። ተጂቱ አሁን ይጮኻሉ፣ አሁን ይወድቃሉ ብላ ክንዳቸውን ለመያዝ ተዘጋጀች። እሳቸው ግን የገዛ ጉልበታቸውን ጭምድድ አድርገው ይዘው፣ ዝናቡን ያዳምጡ ነበር። ልጅ የሞተባት እናት ጩኸቷን ስትውጥ ማየት ከጩኸቱ እንደሚብስ ተጂቱ ያን ጊዜ አወቀች።

«እኔ ነኝ የገደልኩዎት» አለች እያለቀሰች።

«ዝም በይ። ምንም አልነገርሽኝም፤ እኔም አልሰማሁም።» እንደ ሕፃን በነጠላቸው ጫፍ ፊቷን ጠረጉላት። «የነዚፍ አባት ቆሞ የሚሄደው እኔ አላውቅም ብሎ ነው። ለእኔ ሲል ነው የቆመው። ካወቅሁ ይወድቅብኛል። መጥተው እስኪነግሩኝ አላውቅም፤ ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«አሁን አጥልቂ።»

«እትዬ፣ አልችልም።»

«አጥልቂ አልኩሽ። ሳትወስጂው ብትሄጂ ለምን አልወሰደችም ብሎ ይጠይቀኛል። ያን ጊዜ ምን ልበለው?»

ተጂቱ አጠለቀች። እትዬ ኸዲጃ እንደገና ተንበርክከው ማሰሪያውን ራሳቸው አሰሩት። አንዱን አጠበቁት፤ ፈቱት፤ አላልተው እንደገና አሰሩ።  ሁለተኛውን ገና ሲጨርሱ ጋሼ ኑረዲን ዣንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ።

መጀመሪያ ያዩት ጫማውን ነው። ዣንጥላው በእጃቸው ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ ሚስታቸውን አዩ፤ ፊታቸው ምን እንደሚል ለማንበብ፣ በፍርሃት። ተጂቱ ትልቅ ሰው እንደዚያ ፈርቶ አይታ አታውቅም።

«ለተጂቱ አዋስኳት» አሉ እትዬ ኸዲጃ፣ ጉልበታቸውን ተደግፈው እየተነሱ። «ነዚፍ ሲመጣ ትመልስለታለች።»

ጋሼ ኑረዲን ዣንጥላውን ማዕዘን ላይ ለማቆም ዞሩ፤ አልቆም አላቸው። 

«ደግ አደረግሽ» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡ። «እሱ እንኳ እግሩ አድጎ ይሆናል። ሲመጣ ሌላ እንገዛለታለን።»

«እንገዛለታለን» አሉ እትዬ ኸዲጃ፤ ፎጣም አቀበሏቸው።

ጋሼ ኑረዲን ፊታቸውን በፎጣው ሸፍነው ብዙ ጠረጉ። ሚስታቸውም የተዘረገፈውን ሸራ ጫማ እያጣመሩ ወደ መደርደሪያው ይመልሱ ጀመር። ተጂቱ በሁለቱ መካከል ቆማ፣ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ሁለቱም እፎይ እንደሚሉ አሰበች፤ ወይም ሁለቱም እንደሚወድቁ። የትኛው እንደሚሆን አላወቀችም። ጎንበስ ብላ ተሰናብታ ወደ ዝናቡ ወጣች። ዒዱ ገና ሩቅ ነበር።