ቀይ ክር ያለበት ኩባያ

«አያችሁ፣ ባሏን የምትወድ ሴት እንዲህ ናት» አለች ጎረቤታቸው ቢ ታቱ፣ በሩዝ የተሞላ አፏን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «ከቀብሩ ወዲህ አንዲት ጉርሻ አልቀመሰችም እኮ።»

ምንጣፉ ላይ የተደረደሩት ሴቶች ሁሉ ወደ ጥጉ ዞሩ። ባሏ የሞተባት ዙለካ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። አፍንጫዋ ይፈሳል፤ ፊቷ በላብ ርሷል። በዚህ ሁሉ የማሊንዲ ሙቀት ጥርሷ ይንገጫገጫል። በየመሀሉ ደግሞ ታዛጋለች።

የሟቹ እህት ራያ ሳህን ስትሰበስብ አየቻት። ያን ማዛጋት ታውቀዋለች። ወንድሟ ባዲ ዱቄቱን፣ ሄሮይኑን፣ ያጣ ቀን እንዲሁ ያዛጋ፣ እንዲሁ ያልበው ነበር። ይቺ ለወንድሜ አይደለም የምታለቅሰው፣ አለች በልቧ።

ደግሞስ ማን አለቀሰለት? ባዲ በደጃቸው ሲያልፍ እንዳይሰርቃቸው ያሰጡትን ልብስ ይሰበስቡ የነበሩ ሴቶች ዛሬ በለቅሶው ላይ ክርናቸው ድረስ በቅባት ወዝተዋል። ውጭ የተቀመጡት ወንዶች ዝንጅብል ያለበት ቡናቸውን ፉት እያሉ «ልቡ ነው አሉ፣ ልቡ» ይባባላሉ። ልቡ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ራያ ሁሉንም ተጸየፈቻቸው።

ባዲ ዱቄቱን ለመተው ጠዋት ጠዋት ክሊኒክ ይመላለስ ነበር። ነርሷ በመስኮቱ በኩል ሱሱን የሚያስታግሰውን ቀይ ሽሮፕ በትንሽ መለኪያ ትሰጠዋለች፤ እፊቷ ይጠጣል። መዋጡን ለማረጋገጥ ስሙን ታስጠራዋለች። ወደ ቤት ይዞ መሄድ የለም። ራያ ወንድሟ እንደ ሰው ሆነ ብላ ደስ ብሏት ነበር። አንድ ቀን ግን ከቤታቸው ጓሮ፣ ከውሃው ታንከር ጀርባ፣ ጉንጩ ሥር የደበቀውን ሽሮፕ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ሲተፋ አየችው። ምራቁ ከከንፈሩ እስከ ጠርሙሱ ተንዠረገገ። እዚያው ቆማ አስመለሳት። ለሽሮፑ ሲል የሰው ምራቅ የሚገዛ እንዳለ ሰምታ ስለነበር ሊሸጠው ነው አለች።

የዚያን ዕለት ባዲ ሻይ የሚጠጣበትን ኩባያ እጀታ በቀይ ክር አሰረችው፤ ማንም ተሳስቶ እንዳይጠጣበት። ባዲ ክሩን አየ። ከዚያ ወዲህ ሻይ ሲቀርብ ቀይ ክር ያለበትን ራሱ ፈልጎ ያነሳ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዙለካ ጓሮ ስታስመልስ ራያ ተከትላት ወጣች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«አታሞኚኝ። እኔ ቢ ታቱ አይደለሁም።»

ዙለካ አፏን በሻሿ ጠረገች። «አብረን ነው የጀመርነው። እሱ ክሊኒክ ገባ፤ እኔ ፈራሁ። እዚያ ሰልፍ ላይ ብታይ እናትሽ ታሳድረኝ ነበር?»

«እና?»

«ያመጣልኝ ነበር።»

ራያ መልሱን እያወቀች ጠየቀች። «በምን?»

«በአፉ።»

ከቤት የቢ ታቱ ሳቅ ተሰማ።

«ላንቺ ሰጥቶ የቀረው አልበቃው ሲል ወደ ዱቄቱ ተመለሰ» አለች ራያ።

«አዎ። በኔ ነው የሞተው። መትፋት ካማረሽ ትፊብኝ።»

የራያ አፍ በምራቅ ተሞላ። ዋጠችው።

«አሁን ምን ልትሆኚ ነው?»

«አንድ ሰው ዱቄቱን በጓሮ በኩል አመጣልሻለሁ ብሎኛል።»

«ጥሩ ነዋ። ላንቺም የለቅሶ ሩዝ እንቀቅላለን።»

በማግስቱ የቁርኣኑ ንባብ ሊጀመር ሲል ራያ ዙለካን እጇን ይዛ አስነሳቻት። እናቷ ቢ ዘይነቡ በሩ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ደፉ ላይ ዘርግተዋል።

«ወዴት ነው? ኤዳዋን፣ የሐዘን ወራቷን፣ ሳትጨርስ ከቤት የምትወጣ ሚስት አይቼ አላውቅም።»

«ክሊኒክ ነው፣ እማዬ። የታመመች ትወጣለች፤ የመስጊዱን መምህር ጠይቂ።»

«ሐዘን እኮ መድኃኒት የለውም፣ ልጄ» አለች ቢ ታቱ።

«የሷ አለው። ባዲ ይቆምበት የነበረው መስኮት ጋ ነው የምወስዳት።»

አንዷ ሴት ከዙለካ አጠገብ የነበረ ቀሚሷን ሰበሰበች። ራያ አየቻት። ከዚያ ወደ እናቷ ጎንበስ አለች።

«እናንተን ፈርታ ነው የተደበቀችው፣ እማዬ። እሱ መድኃኒቱን በአፉ እየያዘ ሲያመላልስላት ኖረ። ሌላ ወንድም የለኝም፤ የቀረችኝ እሷ ናት።»

ቢ ዘይነቡ ምራታቸውን ብዙ አዩዋት። ፊታቸው እንደተኮሳተረ ነው። ከዚያ እግራቸውን ከደፉ ላይ አነሱ።

ሐኪሙ መርምሮና መዝግቦ እስኪጨርስ ቀትር ሆነ። ነርሷ ለጀማሪ የሚሰጠውን ጥቂት ሽሮፕ ቀዳች። ዙለካ ጠጣች።

«ስምሽን ጥሪ።»

«ዙለካ» አለች፤ አፏ ባዶ ነበር።

ነርሷ ምሬቱን እንድትሽርበት በኩባያ ውሃ ሰጠቻት። ዙለካ ግማሹን ጠጣች። የአፍንጫዋ ጠብታ ኩባያው ውስጥ ሲወድቅ ራያ አየች። ነርሷ የተረፈውን ልትደፋ እጇን ስትዘረጋ ራያ ቀደመቻት። እጀታው ላይ ክር አልነበረም። የዙለካ ከንፈር ያረፈበትን በኩል ወደ ራሷ አዞረች። አንገፈገፋት፤ ዓይኗን ጨፍና እስከ ታች ጠጣችው።