ከልጄ ጋር በቁራኛ

ልጄን አዲስዓለምን ከጠበሉ በላይ ካለው የወይራ ግንድ ጋር ያሰሩት ማክሰኞ ጧት ነው። ረፋድ ላይ ስደርስ ሦስት ሰዎች ይገርፉት ነበር። አንዱ አጥማቂው ነው፤ በመቋሚያ ይመታል። ሁለቱ የጎረቤታችን የበላይነህ አጎቶች ናቸው፤ የያዙት እሾሁ ያልተመለመለ የአጋም አርጩሜ ነው። የልጄ ሸሚዝ ከጀርባው ሥጋ ጋር ተጣብቋል።

"ስምህን ተናገር!" ይላል አጥማቂው።

"አዲስዓለም አስረስ።"

"አንተን አይደለም! በላዩ ያለኸውን ነው!"

"ሌላ ሰው የለም" ይላል ልጄ። ይደግሙታል።

መሐል ገባሁ። አንዱ አርጩሜ ጆሮዬን ሰነጠቀው። ከዚያ ቆሙ። የቆሙት የሽማግሌ ደም ማፍሰስ ስለ ከበዳቸው ነው እንጂ ልጄን አዝነውለት አይደለም።

ምክንያት ነበራቸው። ቅዳሜ ዕለት ልጄ መጥረቢያ ይዞ ከቤት ወጣ፤ የማሳውን ድንበር ተሻገረ፤ ገብስ የሚያጭደውን በላይነህን ከኋላው መጥቶ በመጥረቢያው ደንደስ አናቱን መታው። ክፉ ቃል አልተለዋወጡም። ልጄን በሬ መጥመድ ያስተማረው በላይነህ ነው። ሊደግመው ሲያነሣ አጫጆቹ ተረባርበው ጣሉት። በላይነህን በቃሬዛ ተሸክመው ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት አስገቡት።

ያን ሰሞን መንገዱ ለመኪና ዝግ ነበር። ፖሊስም ከከተማ አይወጣም። ነገሩ በሽማግሌ እጅ ወደቀ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀመጥን። የንስሐ አባታችን ቄስ ኪዳኔ መሐል ሆኑ። የበላይነህ ታናሽ ወንድም ብርሃኑ ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ።

"ወንድሜ ከሞተ እገድለዋለሁ" አለ። "እስከዚያ ከግንዱ አይፈታም።"

"እስከ መቼ ነው ከግንዱ የሚውለው?" አልሁ።

"የያዘው እስኪለቀው" አለ አጥማቂው።

"አምና ያሰርኸው የደምሴ ልጅ እግሩ ተልቶ ነው የሞተው።"

ወደ ብርሃኑ ዞርሁ።

"የወንድምህ ራስ ቢሰበር ወዴት ወሰድኸው?"

"ሐኪም ዘንድ ነዋ።"

"የእኔም ልጅ ራሱን ነው የታመመው። ያንተን ለሐኪም፣ የእኔን ለግንድ ብሎ የፈረደው ማን ነው?"

"ያንተ ልጅ እብድ ነው" አለኝ። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የሚለኝ።

"እብድ ነው። መድኃኒትም አለው። ደብረ ታቦር ሰጥተውት ሁለት ዓመት ደህና ሆኖ ሲያርስ አይታችሁታል።"

"ታዲያ መድኃኒቱ ቅዳሜ ዕለት የት ሄዶ ነበር?"

መድኃኒቱ የት እንደ ሄደ አውቃለሁ። ነሐሴ ላይ ለፍልሰታ ሱባኤ ልጄን ወደዚሁ ጠበል ያመጣሁት እኔ ነኝ። አጥማቂው "ኪኒንና ጠበል አይደባለቅም፤ ጾሙም ይፈርሳል" አለኝ። የሁለት ሳምንት ነገር ነው ብዬ ኪኒኑን ከልጄ እጅ ነጠቅሁ። "አባዬ፣ እሱን ካጣሁ ድምፁ ይመጣል" አለኝ። አልሰማሁትም። ጾሙ ሲፈታ ደህና መሰለኝ። ጠበሉ ፈወሰው ብዬ የቀረውን ኪኒን ምድጃ ውስጥ ጨመርሁት። ይህን የሚያውቁ ሚስቴ ብዙነሽና አጥማቂው ብቻ ናቸው። አጥማቂው ዝም ብሏል። እኔም ዝም ያልሁት ፈርቼ ነው። ብርሃኑ ቢሰማ ደሙ ከልጄ ወደ እኔ ይዞራል።

"ከተማ ልውሰደው" አልሁ።

"መንገድ ላይ ያመልጣል" አለ ብርሃኑ። "ወይ ሌላ ሰው ይፈነክታል።"

"በቁራኛ እወስደዋለሁ።"

ወጣቶቹ አልገባቸውም። ቄስ ኪዳኔ ገባቸው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ እጅ ለእጅ ታስረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። አብረው ይበላሉ፤ አብረው ይተኛሉ። ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ማንም አይነካቸውም። አባቴ ከአንድ የጋይንት ሰው ጋር ሁለት ወር እንዲያ ታስሮ ከርሟል።

"ከሳሹ እኮ ብርሃኑ ነው" አሉ ቄስ ኪዳኔ። "መታሰር ያለበት እሱ ነበር።"

"እሱ መሣሪያውን ይዞ ይከተለን። እኔ ልታሰር።"

ብርሃኑ ክላሹን ትከሻው ላይ አንጠለጠለ። "ቁልፉ እኔ ዘንድ ይሆናል። ካመለጠ ሁለታችሁንም ነው የምጥላችሁ።"

"ይሁን።"

የግንዱን ሰንሰለት አመጡ። አንዱን ጫፍ በልጄ ቀኝ እጅ አንጓ፣ ሌላውን በእኔ ግራ እጅ አንጓ ጠመጠሙና በሁለት ጓጉንቸር ቆለፉት። ብርሃኑ ሁለቱን ቁልፎች ከማተቡ ጋር ቋጠራቸው።

ረቡዕ ጧት ከጉና ተራራ ሥር ተነሣን። ውርጩ አልቀለጠም። ብዙነሽ ቆሎና ውኃ ይዛ አጠገባችን ትሄዳለች። ብርሃኑ ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላ ነው።

ልጄ ዝም ብሎ ተራመደ። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል።

"ምን ይልሃል?" አልሁት።

"ለዚህ ያበቃህ አባትህ ነው ይላል።"

አምስት ሰዓት ገደማ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ደረሱብን። ድንች የተሸከመች አንዲት ሴት ሰንሰለቱን አየች።

"አያ፣ ሙሽራው የትኛው ነው?" አለች።

"ሚዜው እንኳ ጠመንጃ ይዟል" አለ ከኋላዋ ያለው።

ሳቁ። ልጄም ሳቀ። ሳቁ ሳይቆም ዞሮ በግንባሩ አፍንጫዬን መታኝ።

በጀርባዬ ወደቅሁ። ሰንሰለቱ ጎትቶ እሱንም ላዬ ላይ ጣለው። በነጻ እጁ አፌን ደጋግሞ መታኝ፤ ሁለት ጥርሴ ወለቀ፤ አንዱን ዋጥሁት። በቀኝ እጄ ልገፋው ስል ጣቶቼን ይዞ ወደ ኋላ ቀለበሳቸው። ሲሰበሩ ሰማሁ። ከዚያ ሰንሰለቱን አንገቴ ላይ አዞረና ሳበው። ብዙነሽ ጸጉሩን ይዛ ጎተተች። በክርኑ ደረቷን መታት፤ ድንጋይ ላይ ወድቃ ቀረች። ገበያተኞቹ ሸክማቸውን ጥለው ሸሹ።

ክላሹ ሲቀባበል ሰማሁ።

"ዞር በል ከሱ ላይ! እተኩሳለሁ!"

ባለኝ ጉልበት ተገላበጥሁና ከላይ ሆንሁ። ልጄ ከሥሬ ሆኖ ትከሻዬን ነከሰ፤ ሥጋውን ይዞ አልለቅም አለ።

"አትተኩስ" አልሁት ብርሃኑን። "በቁራኛ ያለ ሰው ዳኛ ፊት ሳይደርስ አይነካም።"

"እየገደለህ እኮ ነው!"

"ይግደል። አንተ አትንካው።"

ተኮሰ። ጥይቱ ከራሳችን አጠገብ አፈር በትኖ አለፈ። ለማስፈራራት ይሁን ስቶ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። ልጄ ጥርሱን አላቀቀ። አፉ በእኔ ደም እንደ ተሞላ መሬት ላይ ተጋደመና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ብዙነሽ እየዳኸች መጣች። ከመቀነቷ ቀድዳ ትከሻዬን አሰረችልኝ። ተነሥተን ሄድን።

ደብረ ታቦር ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። የሐኪም ቤቱ ዘበኛ ከእግር እስከ ራሳችን አየን።

"ከሁለታችሁ በሽተኛው የትኛው ነው?"

"እሱ ነው" አልሁ።

"አንቱ ባሱ እኮ" አለና በሩን ከፈተ። ብርሃኑን ግን "መሣሪያ አይገባም" ብሎ ከለከለው። ብርሃኑ ብዙ አንገራገረ። መጨረሻ ላይ ክላሹን አስረክቦ ተከተለን።

የአእምሮ ክፍሏ ነርስ ሶስና ትባላለች። ልጄን አስታወሰችው፤ ካርዱን ፈልጋ አወጣች።

"አዲስዓለም፣ ደህና ሆነህ አልነበር እንዴ?"

ልጄ ግድግዳውን ያያል። ወደ እኔ ዞረች።

"ኪኒኑን እየዋጠ ነው እንዲህ የሆነው?"

ብርሃኑ በሩ ላይ ቆሟል። ወደ እሱ ስመለከት ሶስና ደገመችው።

"አባቴ፣ ይህን ማወቅ አለብኝ። እየዋጠ ከሆነ መድኃኒቱ አልሠራለትም ማለት ነው። ሌላ ዓይነት እዚህ የለኝም፤ ባሕር ዳር እልከዋለሁ። አቋርጦ ከሆነ ያንኑ በየወሩ በሚወጋ መርፌ አሁኑኑ እጀምርለታለሁ።"

የባሕር ዳር መንገድ ዝግ ነው። በእግር ደግሞ ሌላ ቀን እንኳ አንዘልቅም። ብዙነሽ ከወንበሩ ሆና ራሷን ነቀነቀችብኝ፤ አትናገር ማለቷ ነው።

"አቋርጧል" አልሁ። "ከነሐሴ አንድ ጀምሮ።"

"ራሱ እምቢ ብሎ?"

እዚህ ላይ አዎ ማለት ይቻል ነበር። ልጄ አይከራከረኝም፤ ሰውም ያምናል። ነገር ግን እምቢተኛ ተብሎ ካርዱ ላይ ከተጻፈ፣ ነገ ስጡኝ ቢል የሚሰማው አይኖርም።

"አይ። እሱ ስጠኝ ብሎ ለምኖኛል። ለሱባኤ ብዬ የነጠቅሁት እኔ ነኝ። የቀረውን ያቃጠልሁትም እኔ ነኝ።"

ሶስና ጻፈች። መርፌውን ስታዘጋጅ ብርሃኑ ደረሰብኝ። ጥርሴ በወለቀበት በኩል በቡጢ መታኝ። ወደቅሁ፤ ልጄም በሰንሰለቱ ተጎትቶ አጠገቤ ወደቀ። ብርሃኑ በጫማው ጎኔን ረገጠኝ፤ ደገመኝ።

"ወንድሜ እዚያ ማዶ ተኝቷል! የገዛ እናቱን ስም ረስቷል! አንተ ታውቅ ነበር!"

"አውቅ ነበር" አልሁ።

ሦስተኛ ሊረግጠኝ እግሩን ሲያነሣ ሶስና መርፌውን እንደ ያዘች መሐል ገባች። ቁመቷ ደረቱ ላይ ነው።

"እዚህ ክፍል ውስጥ ሰው አይመታም! እሱን ልውጋው መጀመሪያ። ዞር በል!"

ዞር አለላት። ልጄን ወለሉ ላይ እንዳለ ወጋችው። አልታገላትም።

አልጋ ላይ ስናወጣው ሰንሰለቱን አየች። "ታስሮ አላስተኛውም። ቁልፉ የታለ?"

ብርሃኑ ማተቡን ጨብጦ ቆየ። በመጨረሻ ተንበረከከና የልጄን ጓጉንቸር ከፈተ። ሰንሰለቱ ሲነሣ ቆዳው አብሮ ተነሣ። የእኔን አልከፈተም። የተፈታውን ጫፍ በራሱ አንጓ ጠመጠመና ጓጉንቸሩን መልሶ ቆለፈው።

"ከሳሹ እኔ ነኝ" አለ።

ብዙነሽን ጠራኋት። "ካርዱን ያዢ። መርፌው በየወሩ ነው። ጾም ቢሆን፣ በዓል ቢሆን፣ ጠበል ቢሆን አይዘለልም። እኔ ባልኖርም።"

"ገባኝ" አለች። ካርዱን ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

"ጣትዎ ተሰብሯል፤ ሳላስርልዎ አይሄዱም" አለችኝ ሶስና።

ብርሃኑን አየሁት። "ትጠብቀኛለህ?"

ሰንሰለቱን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። "ወዴት እሄዳለሁ?"

ጣቶቼን በጣውላ አሰረችልኝ። እስክትጨርስ ልጄ እንቅልፍ ወስዶታል። ቀኝ እጁን ከአልጋው ውጭ አንጠልጥሎ ነው የተኛው፤ አሁንም የሚስበው ያለ ይመስል።

"ይነሡ፣ አያ" አለ ብርሃኑ። "ወደ ሽማግሌዎቹ ከመሄዳችን በፊት ወንድሜን ያዩታል።"

ተነሥቼ አብሬው ወጣሁ።