ፀሐይ የመታው ጡት

ሰው ባለማወቁ ቢፈራ ይቅር ይባላል፤ የሌላውን ፍርሃት እያወቀ ለራሱ ጥቅም የሚያርስበት ግን የዘራውን ሳያጭድ አይቀርም። በ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. ከየቡ ከተማ ወጣ ብሎ በነበረ አንድ የመንግሥት ቡና ማድረቂያ ጣቢያ የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው።

ባህሪያ የበኩር ልጇን ጠሃን አዝላ ወደ ጣቢያው ሥራ የተመለሰችው በወለደች በአርባኛው ቀን ማግሥት ነበር። ባሏ አብደላ ወደ ጦር ግንባር ተወስዶ ስለነበር የቤቱ ሸክም የወደቀው በእርሷ ሁለት እጆች ላይ ነው። ሥራዋ ከጠዋት እስከ ማታ በሽቦ አልጋ ላይ የተሰጣውን እርጥብ ቡና ማገላበጥና የተሰበረውን ፍሬ መልቀም ነበር። ሕፃናቱ ከዳገቱ ግርጌ ካለው ዋንዛ ሥር፣ አዴ ወርቂቱ በተባሉ አሮጊት ጠባቂነት ይውላሉ።

የሥራው አዛዥ ካቦ ለይኩን ይባላል። የቡናው ለቀማ በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት አጥቢዎቹን ሰብስቦ፣

«አድምጡኝ፤ ለልጆቻችሁ ብዬ ነው» አላቸው። «ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጡት ወተቱ ይፈላል። የፈላ ወተት ደግሞ ለጨቅላ መርዝ ነው። ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ፣ ሰውነታችሁ ሲበርድ ታጠባላችሁ።»

ነገሩ ለባህሪያ እንግዳ አልነበረም። እናቷም ከፀሐይ ስትገባ ታናናሾቿን ከማጥባቷ በፊት ጥቂት ወተት ጨምቃ መሬት ላይ ታፈስ ነበር። ልዩነቱ እናቷ አንድ እፍኝ አፍስሳ ወዲያው ታጠባ የነበረ መሆኑ ነው፤ ለይኩን ያንን እፍኝ እስከ ምሽት ለጠጠው። ባህሪያ ይህን ልዩነት አላስተዋለችም። ጡቷ አግቶ ቀሚሷን ሲያርሰው ከአልጋዎቹ ኋላ ሄዳ አፈር ላይ ትጨምቀዋለች፤ ልጇን አዴ ወርቂቱ የአብሽ ውሃ በማንኪያ ያቀምሱታል።

ታኅሣሥ ሲገባ የጠሃ ለቅሶ ቀጥኖ የድመት ግልገል ድምፅ መሰለ። የጭኑ ቆዳ ተሸበሸበ። የባህሪያም ጡት ቀን የሚጠባው አጥቶ እየነጠፈ ሄደ። በዚያው ሰሞን በጣቢያው አብራት የምትሠራው የባልንጀራዋ የፈድሊያ ጨቅላ ሴት ልጅ ሞተች። ለቀስተኞቹ «ተደብቃ ቀን አጥብታት ይሆናል» እያሉ ያንሾካሽኩ ጀመር። ፈድሊያ ሰማቻቸውና ከመደቡ ተነሥታ፣

«ወላሂ! አንድም ቀን በፀሐይ አላጠባኋትም! አንድም ቀን!» ብላ ማለች።

ባህሪያ ያን መሐላ ይዛው አደረች። ፈድሊያ ካላጠባች ልጅቱን የገደላት ምንድን ነው? መልሱን ፈራችው፤ ሲነጋ ግን ሥራዋን ትታ፣ ልጇን አዝላ፣ የቡ ወደምትሠራው ጤና ረዳት ወደ ውብነሽ ሄደች።

«ምን ትሰጪዋለሽ?» አለች ውብነሽ ሕፃኑን መዝና።

«ቀን አብሽ፣ ማታ ጡት።»

«ቀን ጡትሽ የት ሄዶ?»

«ፀሐይ መታው፤ ፈላ።»

ውብነሽ አልሳቀችም። «ስሚኝ እታለም። ፀሐይ ቆዳሽን ያከስል ይሆናል እንጂ ወተትሽን አያፈላም። ወተት ሲጠቡት ይመጣል፤ ሲተዉት ይሄዳል። ልጅሽን የራበው አንቺ እያለሽ ነው። ማን ነው እንዲህ ያላችሁ?»

በማግሥቱ ሁለቱ አብረው ወደ ጣቢያው ወጡ። ውብነሽ እኩለ ቀን ላይ በሁለት ሲኒዎች ወተት አስጨምቃ ለይኩን ፊት አስቀመጠች።

«አንደኛው የባህሪያ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ሁለተኛው አሟት መጋዘን ጥላ ውስጥ ከተኛችው አጥቢ ነው። ጓድ ለይኩን፣ ጣትዎን ይንከሩና የፈላውን ይለዩልን።»

«ኧረ ማሎ፣ እባክህ እንዳትልሰው!» አሉ አዴ ወርቂቱ ከኋላ። «ከላስክ የባህሪያ የጡት ልጅ ትሆናለህ፤ አንተን ደግሞ በምን አቅሟ ታሳድግ!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ለይኩን ፊቱ ቀላ።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም! ዕቅድ አለብን፣ ሥራ አታስፈቱብኝ!»

«ሐኪም ካልሆንክ የቅዳሜው ምንድን ነው ታዲያ?» አሉ አሮጊቷ፤ ድምፃቸው ከሳቅ ወጥቶ ነበር። «ሚስትህ ገበያ ፀሐይ ላይ ቃሪያ ስትሸጥ፣ ልጅህን ታቅፈህ እያመጣህ የምታስጠባው በየትኛው ጡት ነው? የእሷ ጃንጥላ አለው?»

ሳቁ ቆመ። ፈድሊያ ከአልጋው ጫፍ ቀስ ብላ መጣች።

«ታውቅ ነበር?» አለችው።

ለይኩን ዓይኑን በእጁ በያዘው የሥራ መዝገብ ላይ ተከለ።

ባህሪያ መልስ አልጠበቀችም። ዳገቱን ወርዳ ልጇን አመጣች፤ እዚያው በአልጋዎቹ መካከል፣ በጠራራው ፀሐይ ተቀመጠች፤ አንዲት ጠብታ መሬት ሳታፈስ «ቢስሚላሂ» ብላ ጡቷን አጎረሰችው። ሕፃኑ ደክሞ ለቀቀው። እንደገና ያዘና ለቀቀው። በሦስተኛው ጉንጩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ የመዋጡም ድምፅ ተሰማት።

ወተቷ በአንድ ቀን አልተመለሰም። ልጁ ባለቀሰ ቁጥር እየወረደች ስታጠባ ከረመች፤ ጥር ሲያልቅ የጠሃ ጭን ሞልቶ ነበር።

ነገሩ ሲመረመር፣ አጥቢዎች ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እንዲያጠቡ የጣቢያው አስተዳደር ቀደም ሲል በደብዳቤ ማዘዙ ታወቀ። ደብዳቤው ከለይኩን መሳቢያ ወጣ። የደበቀው ከዕቅድ በላይ አስደርቆ ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ ለመሸለም መሆኑን በራሱ አንደበት አመነ። ከካቦነት ተሻረ፤ ስሙ ከተሸላሚዎች ዝርዝር ተሰረዘ፤ ፍርድ ቤትም ለፈድሊያ ልጅ ሞት ተጠያቂ አድርጎ የሁለት ዓመት እስራት ፈርዶበት ወኅኒ ወረደ።