በግማሽ የቀረው ባህር ዛፍ

ልጄ ኢሳያስ ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ሞተር ይጠግናል። ዘገዬ የሚባለው ጣውላ ሰንጣቂ ግን ለጥገና አልመጣም፤ የሞተር መጋዙ ደህና ነበር። እሱ የፈለገው ጉልበት እንዲጨመርለት ነው። የሌሎቹ መጋዝ ጣውላ አውጥቶ ሲያበቃ የእኔ ገና ያስላል ብሎ አሳቀን።

ኢሳያስ ሲሊንደሩን ፈታና ጭሱ የሚወጣበትን ቀዳዳ በክብ ሞረድ ያሰፋ ጀመር። እኔ ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ አያለሁ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ የተቃጠለው ቶሎ ከወጣ አዲሱ ቶሎ ይገባል፣ ሞተሩም ይፈጥናል አለኝ። ፒስተኑ ላይ ያለችውን ቀጭን የብረት ቀለበትም አሳየኝ፤ ፋሻ ይሏታል። ቀዳዳው ሲሰፋ ፋሻዋ ወደዚያ ትገፋለች፤ የቀዳዳው ጠርዝ ስለታም ከሆነ ይይዛትና ይሰብራታል፤ ሞተሩም ቀጥ ይላል። ስለዚህ ጠርዙ መለስለስ አለበት።

ይህን ያለኝ ራሱ ነው። ዘገዬ በር ላይ ቆሞ፣ «አንተ፣ ሙሽራ ነው የምታስጌጠው?» እያለ ሲያጣድፈው ግን ጠርዙን በጣቱ ዳሰስ ብቻ አድርጎ ገጠመው። ጠርዙስ ብለው፣ ደህና ነው እማዬ አለኝ። መጋዙ ሲነሳ ድምፁ እንደ ድሮው አልነበረም፤ ይጮኻል። ዘገዬ ደስ ብሎት ሄደ።

በሳምንቱ ኢሳያስ ዕቃ ሊገዛ ሲወጣ ስልኩን ትቶት ነበር፤ ሲጠራ አነሳሁት። ዘገዬ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሰው ወደ ገበያ ከሚወርድበት መንገድ በላይ፣ ትልቅ ባህር ዛፍ እየቆረጠ ከግማሽ በላይ እንዳለፈ ሞተሩ ቀጥ ብሏል። ዛፉ ግን አልወደቀም። ኢሳያስ ሌላ መጋዝ ይዞ ቶሎ ካልመጣ በመጥረቢያ እጨርሰዋለሁ አለኝ።

ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። ብነግረው ልጄ እዚያ ዛፍ ሥር ይገባል። ብደብቀው ዘገዬ ይገባል፤ እሱም ሚስትና ልጆች አሉት። በታች ደግሞ መንገደኛው አለ። ኢሳያስ ሲመለስ ነገርኩት።

«ጠርዙ ነው» አለ። የራሱን መጋዝ ሞተር ሳይክሉ ላይ አስሮ ሊነሳ ሲል ከኋላው ወጣሁ። ውረጂ አለኝ፤ አልወረድኩም።

ዛፉን ከሩቅ ለሚያየው ደህና ይመስላል። ነፋስ ሲነካው ግን ከተቆረጠው ቦታ ሲጥጥ የሚል ድምፅ ይወጣል። የዘገዬ መጋዝ እዚያው ውስጥ ተነክሶ ቀርቷል። ኢሳያስ መጋዙን አንስቶ ወደ ዛፉ ሲያመራ ክንዱን ያዝኩት።

«እማዬ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እኔው ልጨርሰው።»

«ያበላሸኸው ሲሊንደር ነው፤ እሱን ትሠራለህ። ዛፉን ነፋስ ይጣለው።»

«እትዬ የሺ፣ ከመቼ ወዲህ ነው እንጨት ቆራጭ የሆኑት?» አለ ዘገዬ። ይቀልዳል እንጂ እሱም ካለበት አልተነቃነቀም። ወዲያው ነፋሱ መጣ፤ የተቆረጠው ቦታ እንደ አፍ ተከፍቶ ሲገጠም ሦስታችንም አየን። ኢሳያስ መጋዙን መሬት አስቀመጠ።

መንገዱን ከላይም ከታችም በቅርንጫፍ ዘጋን። እኔ ከታች ቆምኩ። ቆጮ የተሸከመች ሴት፣ «መንገዱንም ገዛችሁት?» አለችኝ። የልጄ ጥፋት ነው፣ በዚያ ዙሪ አልኳት። ለመጣው ሁሉ እንደዚያው አልኩ። ኢሳያስ ከላይ ሆኖ ይሰማኛል፤ አንገቱን ደፍቷል።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከነነፋሱ ሲመጣ ዛፉ መንገዱ ላይ ወደቀ። ሥሩ ማንም አልነበረም። የዘገዬ መጋዝ ግን ጭፍልቅልቁ ወጣ።

ኢሳያስ የራሱን መጋዝ አንስቶ ሰጠው። ዘገዬ እጁን ሳይዘረጋ አየው።

«ይሄስ ሞረድ ነክቶታል?»

«አልነካውም» አለ ልጄ፣ ቀና ሳይል።

ዘገዬ ተቀበለው።