የግራ ጎኑ ልጥፍ

የጀልባ ነጂዎቹ ልጥፌ ይሏታል። በሞተሮቻቸው ኮፈን ላይ የሚለጠፈውን ስቲከር እየቆረጠች የምታለብስላቸው እሷ ናት። ሱቋ ከሐይቁ ዳር ከፍ ብላ፣ ከመረብ ጠጋኙ ጎን ያለች አንዲት ክፍል ናት። ፀሐይ ያነጣቸው ኮፈኖች መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያንቀላፉ እንስሳት ይመስላሉ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ደጃፏ ድረስ ይመጣል፤ እሷም በጉሙ ውስጥ ሰማያዊ ማዕበልና ቀይ መስመር ስትቆርጥ ትውላለች።

ውሃው ላይ ግን ወጥታ አታውቅም። ሕፃን ሳለች ከጀልባ መሳፈሪያው ሳንቃ ላይ ተንሸራታ ወድቃ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሐይቁን ከሩቅ ማየት ይበቃታል። ነጂዎቹ ይቀልዱባታል፣ ሞተሩን ታለብሺዋለሽ እንጂ ተሳፍረሽበት አታውቂም ይሏታል። እሷም ልብስ ሰፊ ሰርጉ ሁሉ ላይ ይገኛል እንዴ እያለች ታልፋቸዋለች።

ያሳደጓት አጎቷ ናቸው፣ የእናቷ ወንድም። ሥራቸው ሰው ማሻገር ነው፤ ጠዋት ወዲያ ማዶ፣ ከሰዓት ወዲህ። ባለቤታቸው፣ እሷ እትዬ የምትላቸው፣ ባለፈው ዓመት ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። አጎቷ አላለቀሱም። ይልቅ አንድ ቀን ኮፈኑን በትከሻቸው ተሸክመው መጡና፣ ሞተሩ አርጅቷል፣ እስቲ ልብስ ቀይሪለት አሏት።

በሙሉ ልቧ ሠራችው። የደረቀውን አሮጌ ስቲከር በፀጉር ማድረቂያ እያሞቀች ቀስ ብላ ላጠችው፤ የቀረውን ሙጫ በአልኮል ጠረገች። ኮፈኑን የሳሙና ውሃ ረጭታበት አዲሱን ከላዩ ስታሳርፈው፣ ስቲከሩ ቦታውን እስኪያገኝ እንደ ቅጠል ተንሳፈፈ። ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋች ውሃውን አስወጣችው። ሲያልቅ ሞተሩ ከፋብሪካ የወጣ ዕለት የመሰለውን መሰለ።

ብዙም ሳይቆይ የግራ ጎኑ ጫፍ ተላቀቀ። ቀኙ እንዳለ ነው፤ ግራው ብቻ ተጣጥፎ፣ ቀለሙም ደብዝዞ መጣ። ሙጫ ትቼበት ይሆናል ብላ እንደገና ሠራችው። እንደገና ተላቀቀ። ጠርዙን በደንብ አሙቃ ጫነችው፤ ያም አልያዘም። የሌሎቹ ሁሉ ሞተር ደህና ሆኖ የገዛ አጎቷ ሞተር እንዲህ ሲሆን አፈረች። መረብ ጠጋኙ በበኩሉ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ እያለ ይስቅባታል።

በቤንዚን ያጥቡታል እንዴ ብላ አጎቷን ጠየቀቻቸው። አዘኑባት። እንደ ዓይናቸው ብሌን እንደሚይዙት፣ ሲያቆሙትም ጨርቅ እንደሚያለብሱት ነገሯት። እውነታቸውን እንደሆነ ከፊታቸው አየች። ስለዚህ ራሷን እያስገረማት፣ “ነገ አብሬዎት ልሻገር” አለቻቸው።

አጎቷ በዓይናቸው ለኳት። ከዚያ የመንሳፈፊያ ሰደርያ አውጥተው ማሰሪያውን በልኳ አሳጠሩት።

በማግስቱ ጉሙ ውሃውን ከሰማይ ጋር አንድ አድርጎት ነበር። ዳርቻው ከኋላቸው ሲጠፋ የሚሄዱ አልመሰላትም፤ አንድ ትልቅ ነጭ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ግድግዳው የሚሸሻት ያህል ነበር። መጀመሪያ ሳንቃውን ጨምድዳ ይዛ ነበር። በኋላ የሞተሩ ድምፅ ወገቧ ድረስ እየገባ አላላት፤ ጣቷን ውሃው ውስጥ ነከረች፤ ለብ ያለ ነበር። የመጣችበትን ጉዳይ ረስታ ቆየች።

ትዝ ሲላት ዞር አለች። አጎቷ መሪውን በቀኝ እጃቸው ይዘዋል። ግራ እጃቸው፣ ቅድም ቤንዚን የሞሉበት እጅ፣ የኮፈኑ ግራ ጎን ላይ አርፏል። አውራ ጣታቸው የስቲከሩን ጫፍ ቀስ እያለ፣ ወዲያ ወዲህ ያሻሻል። ከዚያ ጎን ያለው መቀመጫ ባዶ ነው። ጀልባዋ ብትሞላም ማንም አልተቀመጠበትም፤ ተሳፋሪው ተጣቦ ተቀምጧል። እትዬ በሕይወት ሳሉ እዚያ ይቀመጡ እንደነበር ከሱቋ ደጃፍ ሆና ብዙ ጊዜ አይታለች። የባላቸው እጅም ትከሻቸው ላይ ነበር።

አጎቷ ወደ ባዶው መቀመጫ ዘንበል ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ ያወሩ ነበር። ጉሙ ዛሬ ቶሎ ይነሣል፣ ወፎቹም ወደዚህ መለስ ብለዋል፣ ይላሉ። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ፣ ደብተር የታቀፈች አስተማሪ፣ ልጥፌ ማየቷን አይታ ዓይኗን ወደ ውሃው መለሰች። ሁሉም ያውቁ ኖሯል። እሷም ፊቷን መለሰች።

ማዶ ሲደርሱ አጎቷ ገመዱን አስረው፣ “እህ፣ አገኘሽው?” አሏት።

“አገኘሁት ጋሼ። ጥፋቱ ከእኔ ነው፤ ጫፉን ሹል አድርጌ ቆርጬው ነው።”

“እኔማ ብዬሽ ነበር” አሉ፤ ደስ ብሏቸው።

ተመልሳ ግራ ጎኑን ዳግም ሠራችው። ማዕዘኖቹን አዶለዶመቻቸው። ከላዩ ደግሞ መስታወት የመሰለ ጠንካራ ላስቲክ፣ ከስቲከሩ እጅግ ሰፋ አድርጋ፣ ጣት ጠርዙን እንዳያገኘው አልብሳ ጥላ ውስጥ አደረቀችው። ቤንዚን ከሞሉ በኋላ እጃቸውን የሚጠርጉበት ጨርቅም ሰጠቻቸው። ምክንያቱን አልጠየቋትም፤ አልነገረቻቸውም።

ያዘ። ላስቲኩ ላይ አንዲት ቦታ ብቻ በመታሸት ብዛት ከሌላው ይልቅ ታብረቀርቃለች።

ልጥፌ ከዚያ ወዲህ መሻገር ለመደች። ማዶ ያሉት ነጂዎች ከሚሻገሩት ሞተሮች ላይ ሥራዋን ያውቁት ነበር፤ ልጥፌ የሚሉትን ግን ጢማም ሽማግሌ አድርገው ነበር የሚያስቡት። ሲያዩዋት ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። እንደ አጥንት የገረጡ ኮፈኖቻቸውን አወጡላት፣ ከዛፍ ሥርም ጠረጴዛ አኖሩላት።

አንድ ከሰዓት ከዚያ ስትመለስ ደክሟት ነበር። ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ውሃው ማር መስሏል። ከሐይቁ መሃል ሲደርሱ፣ ጭንቅላቷን አስተማሪዋ ትከሻ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት። አጎቷ አዩዋትና ሞተሩን ቀነሱት፤ ድምፁ ሹክሹክታ ያህል እስኪሆን ቀነሱት። ጀልባዋ እንደ መንሳፈፍ ብላ ሄደች። ከተሳፋሪው መካከል የቸኮለ አልጠፋም፤ ግን ማንም አልተናገረም።