የተኛው ባሕር

ቢየላዬ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። ፖርት ሃርኮርት ከተማ ቢሮ ተቀምጣ ሳተላይት በሚልከው የራዳር ምስል ላይ ከቧንቧና ከመርከብ የፈሰሰ ድፍድፍ ነዳጅ ትፈልጋለች። ማዕበል ያለበት ውኃ ነጣ ብሎ፣ ነዳጅ የሸፈነው ጠቁሮ ይታያል። ችግሩ፣ ነፋስ የሌለበት ውኃም ያው ጥቁር መሆኑ ነው። ስለዚህ የቢሮው ሰዎች ጥቁር ባዩ ቁጥር በዚያ ጠረፍ ለሚኖር ሰው ደውለው ነፋስ መኖሩን ይጠይቃሉ። ነፋስ እያለ ከጠቆረ ነዳጅ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ጥቁሩ ከገዛ መንደሯ ፊት ለፊት ወጣ። ባልደረባዋ ኦሳሮ ደውዪ ቢላት ሳቀችበት። በአቧራማው የበጋ ወራት የእኛ ባሕር እስከ ቀትር ይተኛል፣ ያደግሁበትን ውኃ ማንን ልጠይቅ አለችና «ነፋስ የለም» ብላ አለፈችው። እውነቱን ለመናገር፣ በገዛ ደጃፉ መንገድ የሚጠይቅ ማን አለ?

አባቷ ዚቦክሬ ደግሞ ወደ ባሕር ከመውጣታቸው በፊት ለእሷ መደወል ልማዳቸው ነው። መንደርተኛው «የዚቦክሬ ልጅ ከሰማይ ሆና ታጠምዳለች» እያለ ያሾፍባቸዋል፤ ሆኖም እሳቸውን ተከትሎ ይወጣል።

«ልጄ፣ ባሕራችን እንዴት አደረ?»

«ተኝቷል አባባ። ይውጡ።»

ስልኩ ውስጥ የሚያፏጭ ነገር ሰማች። ኔትወርኩ ነው ብላ ተወችው።

ከሰዓት በኋላ እናቷ እያለቀሰች ደወለች። የመንደሩ መረብ ሁሉ በነዳጅ ተለውሶ ወጥቷል፤ ታጥቦ የሚለቅ አይደለም። ሰው ሁሉ ልጅህ ምን አለችህ ብሎ ሲያፋጥጣቸው፣ ዚቦክሬ ዛሬ ሳልደውልላት ነው የወጣሁት ብለው ዋሹ። አብሮ አደጋቸው እንኳ ፊቱን አዞረባቸው። ቢየላዬ ይህን ስትሰማ ከእፍረቷ የተነሳ ቀና ብላ ኦሳሮን ማየት አቃታት።

በማግስቱ አባቷ አልደወሉም። እሷ ደወለች።

«አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለሰዉ እነግራለሁ።»

«ተዪው። እኔን ይስደቡኝ። አንቺን ካላመኑ ከእንግዲህ ማን ያይላቸዋል?»

ቢየላዬ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ስልኩ ውስጥ ያ ነገር አሁንም ያፏጫል።

«ነፋስ አለ፣ አባባ?» አለች።

«አለ። ትናንትም ነበር» አሉ ሽማግሌው። «አንቺ ተኝቷል ስላልሽኝ አንቺን አመንኩ እንጂ።»